አክታ ነውር አይደለም

በዚህ እትም የምጽፈው ስለ ደመወዝም ስለ ፓስፖርትም አይደለም። ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉ አክታ ነው። ገና ስታነቡት ፊታችሁን ያጨማደዳችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። «ሌላ የሚጻፍ ጠፍቶ ነው?» የምትልም አትጠፋም። እኔ ደግሞ የምለው ይህ ነው፤ ይህን ቃል ስለምናፍርበት ሐኪም ፊት እንውጠዋለን፣ ለጓደኛችን በስልክ አንናገረውም፣ ለማዳምማ ጭራሽ አናነሳውም። ቃሉን ስንውጥ በሽታውንም አብረን እየዋጥን ነው። ስለዚህ አንድ ቀን እንኳ በግልጽ እናውራው።

መጀመሪያ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ እንግባባ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ሦስት ነገር እናምታታለን። ምራቅ አፍ ውስጥ የሚመነጨው ቀጭን ውሃ ነው። ንፍጥ ከአፍንጫ የሚወርደው ነው። አክታ ግን ከታች፣ ከሳንባና ከአየር ቧንቧ፣ በሳል ተገፍቶ የሚወጣው ወፈር ያለ የሚዝለገለግ ነገር ነው። «አክ» የምንለው እሱን ከጉሮሮ ለማውጣት ስንታገል የሚሰማው ድምፅ ነው። «አክ ብሎ ተፋ» እንላለን። «አክታ አለኝ»፣ «አክታው አልወጣ ብሎኝ ደረቴን አፍኖኛል»፣ «ጠዋት ጠዋት አክታ ያስተፋኛል» እንላለን። ሳሉ አክታ ካለው እርጥብ ሳል ነው፤ ከሌለው ደረቅ ሳል ይባላል። ሐኪም ዘንድ ስትገቢ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው፦ «ሳሉ አክታ አለው ወይስ ደረቅ ነው?» ሁለቱ የተለያየ ነገር ስለሚናገሩ ነው የሚጠይቀው፣ አንቺን ለማሳፈር አይደለም።

አክታ ደግሞ ከየትም የመጣ ቆሻሻ አይደለም። የጤነኛ ሰው የአየር ቧንቧም ሁልጊዜ ትንሽ ትንሽ እንዲህ ያለ ፈሳሽ ያመነጫል። ከአየር ጋር የገባው አቧራ፣ ጭስና ጀርም እሱ ላይ ይጣበቃል፤ ከዚያ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይገፉታል፤ እኛም ሳናውቀው ውጠነው ሆድ ውስጥ ያልቃል። ሳንባም የራሱ ቤት ጠራጊ አለው ማለት ነው። ችግር ሲመጣ ነው ፈሳሹ የሚበዛው፣ የሚወፍረው፣ ቀለሙ የሚለወጠው፤ ያኔ ሳል መጥቶ ይገፋዋል። ስለዚህ አክታ መልእክተኛ ነው። ታች ቤት ምን እንዳለ ይዞ ይወጣል።

ታዲያ ለምን አፈርንበት? በአገራችን «አክ እንትፍ» ማለት መናቅ ነው፣ መጥላት ነው። «አክ እንትፍ ብላ ተወችው» ሲባል ሁላችንም ይገባናል። ምራቅ እንኳ የተሻለ ዕድል አለው፤ ሽማግሌ «እንትፍ እንትፍ» ብሎ ሲመርቀን ራሳችንን ዝቅ አድርገን ነው የምንቀበለው። አክታን ግን የሚመርቅበት የለም። ማዕድ ላይ አይነሳም፣ እንግዳ ፊት አይነሳም፣ ከተነሳም «ይቅርታ ይደረግልኝና» ተብሎ ነው። ይህ ወግ ለማዕድ ጥሩ ነው፣ እኔም አከብረዋለሁ። ወደ ሕክምና ክፍል ይዘነው ስንገባ ግን ይገድለናል።

አሁን ደግሞ ስለ ሥራችን እናስብ። ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን አረጋዊ የምንጠብቅ? አልጋ ላይ የዋሉ አሮጊትን አገላብጠን፣ ጀርባቸውን መታ መታ አድርገን፣ አክታቸውን በሶፍት ተቀብለን፣ ከዚያ ለማዳም «ዛሬ ቀለሙ አረንጓዴ ሆኗል፣ ትናንት ነጭ ነበር» ብለን የምንናገር እኛ ነን። ሕፃኑ ሲያስለው ሌሊት የምንነሳው እኛ ነን። የሌላው ሰው አክታ በእኛ ዓይን ሥር ነው፤ ቀለሙን፣ ብዛቱን፣ ሽታውን ሳይቀር እናውቃለን። ዶክተሩ ቤት ሲመጣም ማዳም ዞር ብላ የምትጠይቀው እኛን ነው። የራሳችንን ግን መታጠቢያ ቤት ገብተን፣ ድምፅ እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፍተን፣ ተፍተን፣ ሳናየው ውሃ እንለቅበታለን። ለሰው የምናውቀውን ሙያ ለራሳችን እንከለክላለን። ይሄ ነው እኔን የሚያናድደኝ።

ስንጠየቅስ ምን እንላለን? «ጉንፋን ነው»፣ «ብርድ መታኝ»፣ «የኮንዲሽኑ አየር ነው»፣ «አለርጂ ነው»፣ «ትንሽ ያስለኛል እንጂ ደህና ነኝ»። ሁለት ወር ሙሉ የሚቆይ ጉንፋን የለም እኮ! ጉንፋን በአብዛኛው በሳምንት፣ በአሥር ቀን ይሄዳል፤ ሳሉ አንዳንዴ ትንሽ ይጎተት ይሆናል። ከዚያ በላይ ከቆየ ስሙ ሌላ ነው፣ ስሙን የሚያወጣለት ደግሞ ምርመራ ነው።

የቋንቋውም ችግር አለ። በአማርኛ ያፈርነውን በአረብኛ ከየት አምጥተን እንናገረዋለን? ብዙዋ እህት ደረቷን በእጇ እያሳየች «ሰድር፣ ሰድር» ብላ ትቀራለች። ዶክተሩ ሕመም መስሎት የራስ ምታት ክኒን ሰጥቶ ይሸኛታል። ስለዚህ እነዚህን ቃላት ያዟቸው። አክታ በአረብኛ በልገም ነው፤ ቤይሩትም ሆነ ኩዌት፣ ሪያድም ሆነ ዱባይ ይገባቸዋል። ሳልን ሊባኖሶች ሰዕሌ ይሉታል፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከሐ ማለት ይቀናቸዋል። «አንዲ ሰዕሌ መዕ በልገም» ስትይ «አክታ ያለው ሳል አለብኝ» ማለትሽ ነው። ደረቅ ከሆነ «ናሽፌ» ጨምሪበት። ሁለት ሳምንት ኡስቡዔን ነው። ትኩሳት ሐራራ ነው። የአክታ ምርመራ ፈሕስ በልገም ነው። ደም ደግሞ ደም ነው፤ በአማርኛም በአረብኛም አንድ ነው። «በልገም መዕ ደም» ካልሽ የማይሰማሽ ዶክተር የለም።

በልገም የሚለው ቃል ራሱ ሩቅ አገር ዞሮ ነው አረብኛ የገባው፤ መነሻው የጥንት ግሪክ ነው። የጥንት ሐኪሞች የሰው አካል በአራት ፈሳሾች ሚዛን ይኖራል ብለው ያምኑ ነበር፤ ደም፣ ቢጫ ሐሞት፣ ጥቁር ሐሞትና በልገም። ሐሳባቸው ዛሬ አይሠራም። ነገር ግን አንድ ነገር አስተውሉ፤ ቃሉን በትልልቅ የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ጽፈው፣ ሳያፍሩ ከደም እኩል ያስቀመጡት እነሱ ናቸው።

አክታው ምን ይናገራል? ነጭ ወይም ውሃ የመሰለ ከሆነ ጉንፋን፣ አስም፣ የአቧራ ወይም የጭስ ቁጣ ሊሆን ይችላል። ቢጫና አረንጓዴ ሲሆን ሰውነት ከጀርም ጋር እየታገለ መሆኑን ያሳያል፤ ሆኖም ቀለሙ ብቻውን መድኃኒት አያዝም፣ ምክንያቱም አንቲባዮቲክ የማይነካው የቫይረስ ጉንፋንም ቢጫ አክታ ያመጣል። የዝገት ቀለም ያለው አክታ ከትኩሳትና ከደረት ውጋት ጋር ከመጣ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል አይዋልበትም አይታደርበትም። ደም ከታየበት፣ ጠብታም ብትሆን፣ ለዕረፍት ቀን አይቀጠርም። ትንፋሽ አጥሮ ሮዝ አረፋ የሚመስል ከወጣ ደግሞ የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን ማዳምን ቀስቅሺ። የምትጠብቂያቸው አረጋዊ ላይ ካየሽውም እንደዚያው አድርጊ።

አክታ ያለው ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ በተለይ ሌሊት አንሶላ እስኪረጥብ የሚያልብሽ ከሆነ፣ የምግብ ፍላጎትሽ ከጠፋ፣ ልብስሽ ከሰፋብሽ፣ ማታ ማታ ትኩሳት ከመጣ፣ የቲቢ ምርመራ ያስፈልግሻል። ሳንባ ነቀርሳ የምንለው ማለት ነው። አገር ቤት ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ «ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሳል» የሚለውን ያላየ የለም። እዚህ የሚያስታውሰን ግድግዳ ስለሌለ ነው የምጽፈው።

«እኔማ ስመጣ የደረት ራጅ ተነስቼ ነጻ ነው ተብያለሁ» የምትል አለች። ልክ ነሽ፣ ያን ቀን ነጻ ነበርሽ። ነገር ግን የቲቢ ጀርም ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ መቆየት ይችላል። ከዓለም ሕዝብ አንድ አራተኛ ያህሉ ጀርሙ እንደገባበት የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል፤ ከእነዚህ በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ሰውነት ሲደክም ነው የሚነቃው። እንቅልፍ ማጣት፣ በቂ አለመብላት፣ መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ብዙ ሆኖ ማደር ለማን እንግዳ ነው? ከሁለት ዓመት በፊት የተነሣሽው ራጅ የዛሬውን ሳንባሽን አያውቀውም።

ሌላው የምንሸከመው ስህተት «ብርድ ነው ያመጣብኝ» የሚለው ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮህ የቲቢን ጀርም ማግኘቱን ያስታወቀው በ1882 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ማርች 24 ቀን ነው፤ የዓለም የቲቢ ቀን በየዓመቱ በዚያ ቀን፣ በእኛ መጋቢት 15፣ የሚታሰበው ለዚህ ነው። ቲቢ የእርግማን አይደለም፣ የዘርም አይደለም። የታመመ ሰው ሲስል በአየር ይተላለፋል። በሰሃን፣ በብርጭቆ፣ በልብስ አይተላለፍም። ይህን በደንብ ያዙት፣ ምክንያቱም ገና «አሳለኝ» ስትዪ ብርጭቆሽን የሚለዩ ቤቶች አሉ። ብርጭቆ መለየት ማንንም አያድንም፤ የሚያድነው መስኮት መክፈት፣ ሲያስል አፍን በክንድ ወይም በሶፍት መሸፈን፣ ማስክ ማድረግና ቶሎ መመርመር ነው።

ምርመራው ላይ ነው የቃሉ ትርጉም እንጀራ የሚሆነው። ትንሿን ዕቃ ሰጥተውሽ «በልገም» ሲሉ ምራቅሽን እንትፍ ብለሽ ብትመልሺ ምርመራው ዋጋ የለውም፤ በሽታው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። የሚፈለገው ከደረት የሚወጣው ነው። በጣም የሚሻለው ጠዋት ከመኝታ እንደተነሣሽ፣ ምግብ ሳትቀምሺ የሚወጣው ነው፤ ሌሊቱን ሲጠራቀም ያደረ ስለሆነ። አፍሽን በውሃ ብቻ ተጉመጥመጪ። በረንዳ ላይ ወይም ክፍት መስኮት አጠገብ፣ ከሰው ራቅ ብለሽ ቁሚ። ሁለት ሦስት ጊዜ በጥልቀት ተንፍሺ፣ ከዚያ ከሆድሽ ጀምረሽ ሳይ፣ አክ በዪ፣ ዕቃው ውስጥ ትፊ፣ ክዳኑን ግጠሚ፣ እጅሽን ታጠቢ። አክ ስትዪ ድምፁ ይሰማል። ይሰማ! ለዚህ ነው የተፈጠረው።

ሁሉ ሳል ግን ቲቢ አይደለም፣ አትደንግጡ። በእኛ ሥራ ሌላ ትልቅ ምክንያት አለ፤ የጽዳት ዕቃ ነው። በረኪና፣ እዚህ ክሎሮክስ የምንለው፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ሲቀላቀል የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ሳንባን የሚያቃጥል መርዝ ነው። አሞንያ ካለው የመስተዋት ማጽጃ ጋርም እንዲሁ አደገኛ ጋዝ ይፈጥራል። «ሁለቱ ሲደባለቁ ይበልጥ ያጸዳል» የሚል ሰው ካለ አትስሚው፣ ማዳምም ብትሆን። ከተደባለቀብሽ ባልዲውን ትተሽ ውጪ፣ ንጹሕ አየር አግኚ። ሳይደባለቅም ቢሆን በየቀኑ ስፕሬይ እየነፉ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት መሥራት ለአስም ያጋልጣል። ሳልሽ ስትሠሪ የሚብስ፣ የዕረፍት ቀን ወጥተሽ ስትውዪ የሚቀልልሽ ከሆነ ምክንያቱ ዕቃው ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ እንዲሁ ብለሽ ንገሪው። «ምን ሥራ ትሠሪያለሽ?» ብሎ ባይጠይቅሽም ንገሪው።

ስለ አገር መድኃኒትም አንድ ነገር። ዝንጅብል በማር፣ ትኩስ ሻይ በሎሚ፣ እንፋሎት፣ ውሃ መጠጣት ጉሮሮን ያለሰልሳሉ፣ አክታውንም ያቀጥናሉ። እኔም እጠጣለሁ። ዳማከሴም ከቤት የመጣላት እሰየው። ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ዝንጅብል ላይ መቀመጥ በሽታን ማስታመም ነው። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ከማዳም መድኃኒት ሣጥን የተረፈ አንቲባዮቲክ ቆንጥሮ መዋጥ፣ ወይም ጓደኛ የጀመረችውን አሞክሳሲሊን ለሁለት ተካፍሎ መዋጥ ነው። ግማሽ መድኃኒት ጀርሙን አይገድለውም፣ ያለማምደዋል እንጂ።

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃት ልምጣ። «ቲቢ ከተባልኩ ይመልሱኛል።» ይህን ፍርሃት አላቃልለውም። ቲቢ የተገኘበትን የውጭ ሠራተኛ ወደ አገሩ የሚመልሱ አገሮች አሉ። ዕዳ ተበድራ የመጣች እህት፣ ልጆቿ በእሷ ደመወዝ ትምህርት ቤት የሚሄዱ እህት፣ «ሳልሽን አትደብቂ» ስትባል የሚከብዳት ለዚህ ነው። ሰነፍ ስለሆነች አይደለም፣ ደንቆሮ ስለሆነችም አይደለም።

ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ቲቢ ተደብቆ አይቀመጥም። ሳንባን እየበላ ይሄዳል፣ በመጨረሻ ደም ሲመጣ ወይም ስትወድቂ መታወቁ አይቀርም፤ ያኔም ትመለሻለሽ፣ ግን ቆመሽ ሳይሆን በወንበር ተገፍተሽ። በጊዜ ከተገኘ ግን የሚድን በሽታ ነው። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፤ መድኃኒቱ በሚገባ ከተወሰደ በአብዛኛው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ ሰው የመተላለፍ ኃይሉ በጣም ይቀንሳል። አገር ቤት በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የቲቢ ሕክምና በነጻ ነው። ደግሞ አብራሽ የምትተኛውን ሕፃን አስቢ፤ እንደ ልጅሽ ያሳደግሽው ነው። አገር ቤትም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚሉት አባቶቻችን ዝም ብለው አልነበረም።

ስለዚህ ፍርሃቱን ብቻሽን አትሸከሚው። ወደ ምርመራ ከመሄድሽ በፊት ለማኅበራችን አንዷ ንገሪ። ሊባኖስ ውስጥ ሙስተውሰፍ የሚባሉት የሰፈር ጤና ጣቢያዎች ከሆስፒታል ባነሰ ዋጋ ያያሉ፤ አረብኛ የምትችል እህት አብራሽ ትሂድ። የራጅ ፊልምሽንና የምርመራ ውጤትሽን በእጅሽ ያዢ፣ ወይም በስልክሽ ፎቶ አንሺው፤ የትም ብትሄጂ ሕክምናሽ ከዜሮ እንዳይጀመር። የጀመርሽው መድኃኒት ካለ ስሙንና የጀመርሽበትን ቀን ጻፊ። መሄድ ግድ ከሆነም መድኃኒትሽን ይዘሽ፣ ወረቀትሽን ይዘሽ ሂጂ።

የማኅበራችን ስብሰባ ላይም አንድ ነገር እንድንለምድ እጠይቃለሁ። ሁላችንም እሑድ ስንገናኝ ሳል የያዛትን እህት «ተሻለሽ?» ብለን እናልፋታለን። እሷም «ተመስገን» ትላለች፣ በቃ። ከአሁን በኋላ ሦስት ጥያቄ እንጠይቃት፦ ስንት ቀን ሆነሽ? አክታ አለው? ቀለሙ ምንድነው? መጀመሪያ ላይ ያስቅ ይሆናል። እንሳቅ። ኦሮምኛ የምትናገረውን በኦሮምኛ፣ ትግርኛ የምትናገረውን በትግርኛ እንጠይቃት፤ አፍ በፈታችበት ቋንቋ ሲሆን ነውሩ ይቀላል። ሁለት ሳምንት አልፎኛል ያለችውን ደግሞ የዚያኑ ሳምንት ይዘናት እንሂድ። ሞባይል የተከለከለች፣ ከቤት የማትወጣ እህት ያለችበትን ሕንፃ የምታውቁ ደግሞ ቆሻሻ ስትጥል፣ በረንዳ ላይ ልብስ ስታሰጣ ጠይቋት። በበረንዳ ስንት ነገር ተነጋግረናል፤ ይህንንም እንነጋገረው።

የሰውን ቤት ስንጠርግ ጥጋጥጉን አይተን ነው፣ የተደበቀ ቆሻሻ አናልፍም። ለገዛ ደረታችንም ይህን ያህል እንትጋ። ቸር ያሰማን።